ከጥቁር መነጽር ተጠንቀቁ፦ ስለ አንድ አጭር አስቂኝ ፊልም

በሥነ ጥበብ ዓለም ተከታይ የሆነ ሰው ቀዳሚውን የሚያመሰግንበት ልማድ አለ። ባለቅኔው በቅኔው፣ ሠዓሊው በሥዕሉ አባቶቹን ያነሣል። ፈረንሳዮች ይህን የመሰለውን ሥራ «ኦማዥ» ይሉታል፤ በቋንቋችን «የአክብሮት መታሰቢያ» ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። ነገር ግን ማክበር ማለት መቅዳት ነውን? ልጅ የአባቱን ካፖርት ለብሶ ቢወጣ አባቱን አከበረ ይባላልን፣ ወይስ ካፖርቱን አስረዘመበት? ለዚህ ጥያቄ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ጥሩ መልስ የሚሰጥ፣ ርዝመቱ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ አንድ ቀልድ የተሞላ ፊልም አለና እርሱን አብረን እንመርምር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የፊልሙ ስም «የማክዶናልድ ድልድይ እጮኛሞች» ይባላል፤ በሥሩም «ከጥቁር መነጽር ተጠንቀቁ» የሚል ማሳሰቢያ ተጨምሮበታል። የሠራችው አኜስ ቫርዳ ስትሆን ዘመኑ 1961 ነው። ድልድዩ በፓሪስ ከተማ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳር፣ ጀልባ በሚሄድበት ቦይ ላይ ያለ፣ ጌጥ የሌለው ተራ ድልድይ ነው።

ታሪኩ ልጅም የሚገባው ነው። ከገለባ የተሠራ ባርኔጣ የደፋ ጎልማሳ ከድልድዩ ላይ እጮኛውን ይሰናበታል። እርስዋ ደረጃውን ወርዳ ስትሄድ እርሱ ጥቁር መነጽሩን ያደርጋል። ወዲያውኑ ዓለም ይጨልማል፤ ነጭ የነበረው ሁሉ ከል ይለብሳል። ከቦዩ ዳር አንድ ሰው የውሃ ጎማ ይዞ ቆሟል፤ ልጅቷ እዚያ ስትደርስ ትወድቃለች፤ የአስከሬን መኪና መጥቶ ይወስዳታል። ምስኪኑ እጮኛ ሮጦ ይወርዳል፣ የአበባ ጉንጉን ይገዛል፣ ለእንባውም መሐረብ ይገዛል። እንባውን ለመጥረግ መነጽሩን ቢያወልቅ ግን፣ ለካ ያጨለመው መነጽሩ ኖሯል! ነገሩ ሁሉ እንደገና ከመጀመሪያው ይሄዳል፤ አሁን ግን በብርሃን ነው። ልጅቷ ብትወድቅም የሚመጣላት የአስከሬን መኪና ሳይሆን አምቡላንስ ነው። በመጨረሻ መነጽሩ ወደ ውሃው ይወረወራል፤ እጮኛሞቹም ይሳሳማሉ።

እንግዲህ ከዚህ ውስጥ የአባቶች መታሰቢያ የቱ ነው? መጀመሪያ የውሃውን ጎማ እንመልከት። በታኅሣሥ 28 ቀን 1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ግራን ካፌ ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ ፊልም ባሳዩ ጊዜ፣ ካሳዩት መካከል አንዱ አትክልተኛውና ጎማው ነበር። አትክልተኛው ውሃ ሲያጠጣ አንድ ባለጌ ልጅ ከኋላው ጎማውን ይረግጥበታል። ውሃው ሲቆም ሰውየው የጎማውን አፍ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ይመለከታል፤ ያን ጊዜ ልጁ እግሩን ያነሣል። የቀረውን አንባቢ ይገምታል። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ሆኖም በሲኒማ ሳቅ የሚባለው ነገር ሁሉ ከዚህ ጎማ ፈሰሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቫርዳ ጎማውን ለኤዲ ኮንስታንቲን አስያዘችው፤ ይህ ሰው በፈረንሳይ የወንጀል ፊልሞች ኃይለኛ መርማሪ እየሆነ ስሙ የገነነ ነበር። ያን የሚያህል ጀግና ጎማ ይዞ መቆሙ ብቻውን ያስቃል።

ከዚያ በኋላ አለባበሱ አለ። ማክስ ሊንደር የሚባል ፈረንሳዊ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሐር ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ ጨዋ ሰው መስሎ በችግር ላይ ችግር እየደረሰበት ዓለምን ያሣቀ ነው። ቻርሊ ቻፕሊን እንኳ ራሱን የእርሱ ደቀ መዝሙር ብሎ ጠርቷል። የቫርዳ እጮኛ ከዚህ ዘር ነው፤ ልብሱ የተስተካከለ፣ ዕድሉ የተጣመመ። እርግጥ ፊቱን ያየ ሰው አሜሪካዊውን ባስተር ኪተንንም ማስታወሱ አይቀርም። የሳቅ የዘር ሐረግ ድንበር አያውቅምና በዚህ አንከራከር።

ስለ አካሄዱም አንድ ቃል። በድምፅ አልባው ዘመን ካሜራው በእጅ ይዞር ስለነበረ በሰከንድ የሚነሣው ሥዕል ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 20 ገደማ ነበር። ድምፅ ከመጣ በኋላ ፍጥነቱ 24 ሆኖ ስለ ተወሰነ፣ አሮጌው ፊልም በአዲሱ መሣሪያ ሲታይ ሰዎቹ እንደ ዶሮ እየተጣደፉ ይሄዳሉ። ቫርዳ ይህን ጥድፊያ ሆን ብላ ወሰደችው፤ ንግግሩንም በጽሑፍ ሰሌዳ አደረገችው።

የአስከሬኑን መኪና በሚመለከት የእኔን ግምት ልንገራችሁ። ሬኔ ክሌር በ1924 «አንትራክት» የሚባል ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ትርጉሙ በሁለት ክፍል መካከል ያለ ዕረፍት ማለት ነው። የተሠራውም በእውነት በፓሪስ በሻንዜሊዜ ቲያትር ለሚታይ የባሌ ጨዋታ ዕረፍት እንዲሆን ነው፤ ሙዚቃው የኤሪክ ሳቲ ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ግመል የሚስበው የአስከሬን ሠረገላ አለ፤ ለቀስተኞቹ መጀመሪያ እየዘለሉ ይከተሉታል፣ ኋላ ሠረገላው አምልጦ ሲሮጥ እነርሱም ትንፋሻቸው እስኪቆረጥ ይሮጣሉ። ቀብርን ያህል ነገር በሳቅ መያዝ፣ ያውም በዕረፍት ሰዓት! የቫርዳም ፊልም ዕረፍት ነውና ከዚህ ጋር ሥጋ ዝምድና ያለው ይመስለኛል።

የማን ዕረፍት ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቀልድ የሚያልፈው። ይህ አጭር ፊልም ለብቻው ተሠርቶ ብቻውን የቆመ አይደለም፤ «ክሌዎ ከአምስት እስከ ሰባት» በሚባለው በ1962 በታየው የቫርዳ ረጅም ፊልም ሆድ ውስጥ የሚገኝ ነው። ክሌዎ ወጣት ዘፋኝ ናት። ነቀርሳ ይዞኛል ብላ ፈርታ የሐኪም ውጤት ትጠብቃለች፤ ፊልሙ ያንን የጥበቃ ሰዓት ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይከተላል። በመካከሉ ከጓደኛዋ ጋር ወደ አንድ ሲኒማ ቤት ትሄዳለች፤ የጓደኛዋ ወዳጅ ፊልም የሚያሳይ ሠራተኛ ስለሆነ ከማሳያው ክፍል ሆነው በትንሿ መስኮት የእጮኛሞቹን ፊልም ይመለከታሉ።

አሁን አስተውሉ። ክሌዎ በዚያው ቀን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ወጥታለች፤ ካፌ ስትገባም ጥቁር መነጽር አድርጋ ነበር። በሸራው ላይ ያለው ሞኝ በመነጽሩ ምክንያት ወዳጁ የሞተች መስሎት ሲያለቅስ፣ የራስዋን ፍርሃት የሚያሣቅ ልብስ አልብሰው አሳዩዋት ማለት ነው። ጥቁር የኀዘን ልብስ መሆኑን ለእኛ ማንም ማስረዳት አያሻውም። ፊልሙ የሚጠይቃት ግን «ከል የለበሰው ዓለም ነው ወይስ ዓይንሽ?» ብሎ ነው።

አንድ ተማሪ «ይህማ ርካሽ ማጽናኛ ነው፤ ነቀርሳ መነጽር በማውለቅ አይድንም» ቢል እውነት አለው። ቫርዳም ታውቀዋለች። ከሲኒማ ቤቱ ከወጡ በኋላ የእጅ ቦርሳው ወድቆ መስተዋት ይሰበራል፤ ክሌዎም የሞት ምልክት ነው ብላ ትደነግጣለች። ጥቂት እንደ ሄዱ ሰው የተገደለበት ካፌ ደጅ ሕዝብ ተሰብስቦ ያገኛሉ። ሳቁ አምስት ደቂቃ ሆነ፤ ሞት ከበሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። እኔ የቫርዳን ኦማዥ ከሌላው የምለየው በዚህ ነው። ፍራንሷ ትሩፎም በ1957 በሠራው «ሌ ሚስቶን» ላይ የሉሚዬርን አትክልተኛ ቀልድ ከነጎማው ደግሞታል፤ ደስ ይላል፣ ነገር ግን የሚያውቅ ሰው ፈገግ ብሎ የሚያልፈው ሰላምታ ነው። ቫርዳ ጎማውን ስትዋስ ሥራ ሰጠችው። በ1895 ሰው ያሣቀው ጎማ አሁን አንዲት የፈራች ሴት ሞትን ፊት ለፊት እንድታይ ይረዳል። ሉሚዬርን የማያውቅ ተመልካችም ቢሆን ምንም አይጎድልበትም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የገለባ ባርኔጣ የደፋው ጎልማሳ ማን እንደሆነ ገና አልተናገርኩም። ዣን ሉክ ጎዳር ነው። በ1960 «አ ቡ ደ ሱፍል» በሚባለው ፊልሙ የሲኒማን ሕግ የገለበጠውና ከጥቁር መነጽሩ ተለይቶ የማይታየው ጎዳር! እጮኛይቱ አና ካሪና ስትሆን፣ በዚያው በ1961 በእውነትም ተጋብተው ነበር። ቫርዳ ወዳጅዋ ስለነበረች ያን መነጽር አውልቆ ዓይኑን እንዲያሳይ ፈለገች፤ ይህችን ትንሽ ታሪክ ያበጀችው አንድም ለዚህ ነው። እርሱም ለወዳጅነት ሲል እሺ አለ። ፊልሙን ያየ ሰው ያን ትልልቅ፣ ልጅ የመሰለ ዓይን አይረሳም።

ከ56 ዓመት በኋላ፣ በ2017 በወጣው «ፊቶችና መንደሮች» በሚባለው ፊልም፣ አሮጊቷ ቫርዳ ጄ አር ከሚባል ወጣት ፎቶ አንሺ ጋር አገር ለአገር ትዞራለች። እርሱም ጥቁር መነጽሩን አላወልቅ ብሎ ያስቸግራታል፤ ስለዚህ የጥንቱን የጎዳርን ነገር ታነሣበታለች። በመጨረሻ ሁለቱ በባቡር ወደ ስዊስ፣ ጎዳር ወደሚኖርበት ወደ ሮል ከተማ ይሄዳሉ። በሩ ተዘግቷል፤ በመስተዋቱ ላይ ጥቂት ቃላት ጽፎ ከመተው በቀር ጎዳር አልወጣም። ቫርዳ ታለቅሳለች። ወጣቱ የሚያጽናናበትን ቢያጣ፣ ከሐይቁ ዳር አጠገብዋ ተቀምጦ መነጽሩን ያወልቅላታል። እርስዋ ግን ዓይንዋ ደክሞ ስለነበረ ፊቱን አጥርታ አላየችውም፤ ፊልሙም ለእኛ የሚያሳየን እርስዋ እንዳየችው፣ ብዥ አድርጎ ነው።