ከመኪና ወርዶ ጀልባ መሳፈር

ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ማለት ነው። በአገራችን ብዙ ደሴቶች ያሉት በጣና ሐይቅ ላይ ነው። ለአቃቂ ቃሊቲ ሰው ግን የሚቀርቡት የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ናቸው። እነሱም አምስት ሲሆኑ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና ይባላሉ። በዚህ ንባብ የምናወራው ወደ እነዚህ ደሴቶች ስለሚደረግ ጉዞ ነው።

መንገዱን የአቃቂ ሰው ያውቀዋል። ከቃሊቲ ተነስቶ በዱከምና በቢሾፍቱ አልፎ ሞጆ ይደርሳል። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የፍጥነት መንገድም እስከ ሞጆ ድረስ ጉዞውን ያሳጥራል። ሞጆ ላይ የአዳማውን ትቶ ወደ ደቡብ ይታጠፍና በቆቃ፣ በዓለም ጤናና በመቂ አድርጎ ዝዋይ ይገባል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋ ዛሬ ባቱ ትባላለች፤ ሐይቁም ደንበል የሚል ስም አለው። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መቂና ቀታር የሚባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ወንዝ ደግሞ ከእሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈሳል። ጥልቀቱ ብዙ አይደለም። ይህን ልብ በሉ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

በደሴቶቹ ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች ናቸው። የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በተዳፋቱ ላይ እርከን ሠርተው ያርሳሉ፣ ይሸምናሉ። ትልቁ ደሴት ቱሉ ጉዶ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብረ ጽዮን ይባላል። በዮዲት ዘመን የአክሱም ጽዮን ታቦት ሸሽቶ እዚያ ቆይቷል የሚል ትውፊት ስላለ፣ ኅዳር ጽዮን ሲደርስ የጉዞ ማኅበራት አውቶቡስ ተኮናትረው ይሄዳሉ። ለዛዮች ግን ውሃውን መሻገር የዓመት በዓል ጉዳይ አይደለም። ገበያውም ሐኪም ቤቱም በጀልባ ነው የሚደረስበት።

ለእንግዳ ጉዞው የሚዘጋጅበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጉዞ ማኅበሩ ነው። አስተባባሪው ገንዘብ ይሰበስባል፣ ቲኬት ያድላል፣ የአውቶቡሱም የጀልባውም ዋጋ በአንድ ላይ ይከፈላል። ሁለተኛው በሆቴል በኩል የሚደረገው ነው። እንግዳው ሆቴል ያድራል፤ ጠዋት መኪና ከበሩ ወስዶ ውሃው ዳር ያደርሰዋል፤ እዚያ ጀልባ ይጠብቀዋል፤ ሲመለስም እንዲሁ። ባሕር ዳር ላይ ይህ የተለመደ ሥራ ነው። በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። በታንዛንያ ዋና የወደብ ከተማ በዳሬ ሰላም ያረፈ እንግዳ ወደ ዛንዚባር ደሴት ለመሻገር ሲፈልግ ከሆቴሉ ተወስዶ መርከቡ ዘንድ ይደርሳል።

ይህ ለመንገደኛ ትልቅ ምቾት ነው። ሻንጣ ይዞ መንከራተት የለም፣ ከደላላ ጋር ጭቅጭቅ የለም። ነገር ግን ምቾቱ አንድ ነገር ይሸፍናል። ቲኬቱ አንድ ነው፤ መጓጓዣው ግን ሁለት ነው። ሁለቱ መጓጓዣዎች ደግሞ የሚይዙት የሰው ቁጥር አይገጥምም።

እስቲ እናስላው። አንድ ማኅበር 45 ሰው ይዞ በአውቶቡስ ከቃሊቲ ወጣ እንበል። ለሁሉም ወንበር አለ። ውሃው ዳር ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ጀልባ የተሠራው ለ15 ሰው ነው። ስለዚህ ሦስት ምልልስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ለመሻገር አንድ ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ የመጀመሪያው ቡድን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተነስቶ 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ጀልባው ባዶውን ተመልሶ 4 ሰዓት ላይ ሁለተኛውን ቡድን ይዞ ይነሳል። ሦስተኛው ቡድን 6 ሰዓት ላይ ተነስቶ 7 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ወዲያው መመለስ ቢጀመር እንኳ የመጨረሻው ቡድን ከተማው ወደብ የሚደርሰው 12 ሰዓት ላይ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ይህም ሳይሳሉ፣ ሳይበሉ፣ አንድ ደቂቃ ሳይባክን ነው። እንደዚህ ዓይነት ጉዞ የለም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? በእኛ አገር የታወቀው መልስ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ነው። በሦስት ምልልስ የሚሻገረው ሰው በሁለት ይሆናል፤ 15 የሚይዘው ጀልባ 22 እና 23 ይጭናል። ይህን የሚያደርገው ጀልባ ነጂው ብቻ ነው ብለን ብንናገር ሐሰት ይሆንብናል። የጀልባ ኪራይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሰው ሳይሆን በጠቅላላው ነው። ለምሳሌ ጀልባው በሙሉ 6,000 ብር ቢባል፣ 10 ሰው ሲሆን ለአንዱ 600 ብር ይደርሳል፤ 15 ሲሆን 400፤ 20 ሲሆን 300። እያንዳንዱ የሚጨመር ሰው የሌሎቹን ኪስ ስለሚያቀል ማንም አይቃወምም። እንዲያውም የሚጠራው ተሳፋሪው ራሱ ነው።

መኪና ላይ ተጠጋግቶ መሄድ ጎማ ያፈነዳል፣ ትራፊክ ያስቀጣል፣ ከዚያም የባሰ ያመጣል። ቢሆንም መኪናው መሬት ላይ ነው የቆመው። ጀልባ ግን የቆመው በውሃ ላይ ነው። ይህን ለማየት ቤት ውስጥ ሳፋ ሙሉ ውሃ አድርጉና አንድ ጎድጓዳ ሳህን አንሳፉበት። ጠጠር አንድ በአንድ ጨምሩ። ሳህኑ በየጠጠሩ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም የጫነውን ያህል ክብደት ያለው ውሃ ገፍቶ ቦታ መያዝ አለበት። ጠርዙ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ እስካለ ድረስ ምንም አይሆንም። አሁን ሳፋውን በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ወይም ጠጠሮቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሰብስቧቸው። ሳህኑ ቀስ ብሎ አይሰጥም፤ አንዴ ውሃ ከገባበት በቅጽበት ይገለበጣል። «እስካሁን ችሎ የለም ወይ» የሚለው ክርክር ጀልባ ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ትልቁ ሐይቅ በቪክቶሪያ ላይ የደረሰውን እንመልከት። ኤም ቪ ኔሬሬ የምትባል የታንዛንያ መሻገሪያ ጀልባ ከኡኬሬዌ ደሴት ወደ ኡካራ ደሴት ሰው ታመላልስ ነበር። ለ101 ሰው የተሠራች ነበረች። መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም. የገበያ ቀን ነበርና ገበያተኛው ከነበቆሎው፣ ከነሲሚንቶው ተሳፈረ። ጀልባዋ ኡካራ ወደብ ልትደርስ ጥቂት ሜትር ሲቀራት ተገለበጠች። 228 ሰው ሞተ፤ 41 ሰው ተረፈ። በዚያን ቀን ስንት ሰው እንደ ተሳፈረ በቅጡ ለማወቅ ችግር ሆኖ ነበር፤ ቲኬት ቆራጩም ሞቷል፣ የቲኬት ማሽኑም ጠፍቷል። የተሳፋሪዎቹ ቁጥር የታወቀው ሬሳ በመቁጠር ነው ማለት ይቻላል። ልብ እንበል፣ ጀልባዋ የሰመጠችው መሀል ሐይቅ ላይ አይደለም። ወደቡ ላይ የቆሙ ዘመዶች እያዩ ነው።

በቃሊቲ መንገድ የምናያቸው ከባድ መኪናዎች በራቸው ላይ ስንት ኩንታል እንደሚጭኑ ተጽፎባቸዋል። በትልልቅ መርከቦች ላይም ተመሳሳይ ምልክት አለ። ከጅቡቲ በቃሊቲ በኩል የሚገባውን ኮንቴነር ያመጣችው መርከብ በጎኗ ላይ መስመር ተቀብቶባታል፤ ውሃው ከዚያ መስመር በላይ ከወጣ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው። መስመሩ የመጣው በትግል ነው። በእንግሊዝ አገር ባለመርከቦች ያረጁ መርከቦችን ከልክ በላይ ጭነው፣ ከፍ ያለ ኢንሹራንስ ገብተው ይልኩ ነበር፤ መርከቡ ቢሰምጥ ባለቤቱ አይከስርም፣ የሚሞተው መርከበኛው ነው። ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የምክር ቤት አባል ለዓመታት ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ1876 ሕጉ ወጣ። የሚገርመው ግን ሕጉ መስመሩ ይቀባ አለ እንጂ የት ላይ እንደሚቀባ የሚወስነው ባለመርከቡ ራሱ ነበር! ይህ በሕግ የተስተካከለው ከ14 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ስለዚህ ቁጥር ተጽፎ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ማን እንደ ጻፈውም መጠየቅ ያስፈልጋል።

በትንንሽ የሐይቅ ጀልባዎች ላይ ይህ መስመር ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ ሦስት ነገር ይቆጠራል፤ መቀመጫው፣ ሰውና የመንሳፈፊያው ጃኬት። ጃኬቱ 12 ሆኖ ሰዉ 16 ከሆነ አራት ሰዎች በባዶ እጅ ነው የሚሻገሩት። ከዚህ ሌላ የመጀመሪያው ሰው ከመግባቱ በፊት ከውሃው እስከ ጀልባው ጠርዝ ስንት ስንዝር እንደሆነ በዓይን መለካት ነው። ሁሉም ከገባ በኋላ እንደገና ማየት ነው። ዕቃም ሰው መሆኑን አንርሳ። አንድ ሰው በአማካይ 60 ኪሎ ይመዝናል ብንል፣ ሦስት ኩንታል ጤፍ 300 ኪሎ ስለሆነ አምስት ሰው ማለት ነው። 15 ሰው በሚይዘው ጀልባ ላይ ሦስት ኩንታል ከተጫነ መሳፈር ያለባቸው 10 ሰዎች ናቸው።

ይህን መጠየቅ ድፍረት የሚመስላቸው አሉ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይህ ጀልባ ስንት ሰው ነው የሚይዘው?» ብላ ብትጠይቅ፣ «ኧረ እማማ፣ ግድ የለም፣ ይችላል!» ይባልላታል። «ይችላል» ቁጥር አይደለም። «ስንት?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ቁጥር መሆን አለበት። አስተባባሪውንም መጠየቅ የሚሻለው ውሃው ዳር ሳይሆን ገና ገንዘብ ሲሰበሰብ ነው። ስንት ጀልባ ተይዟል? እያንዳንዱ ስንት ይይዛል? የአውቶቡሱ 45 ሰው በሦስት ጀልባ እኩል ከተሻገረ ሁሉም በአንድ ሰዓት ደሴቱ ላይ ነው። ዋጋው ይጨምራል፣ እውነት ነው። ያ ጭማሪ ከቲኬቱ ዋጋ ጋር ከመጀመሪያው ቢነገር ሰው አቅሙን አይቶ ይመዘገባል።

ሰዓቱም ዋና ነገር ነው። በዝዋይ ጠዋት ሐይቁ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ደግሞ ማዕበሉ ቶሎ ይነሳል፤ አጭርና ተከታታይ ሆኖ ጀልባውን በጎን ይመታል። ስለዚህ በጠዋት መሻገር፣ ከቀትር በፊት ወይም ነፋሱ ሳይበረታ መመለስ ይሻላል። የሆቴል ወረቀት ላይ 8:00 የሚል ካያችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ፤ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። 8 ሰዓት መስሎት ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው ጀልባው ያመልጠዋል። ወይም የባሰው፣ ተለምኖ በነፋስ ይሻገራል።

ጃኬት የሚለበሰው ወደቡ ላይ ነው እንጂ ማዕበል ሲነሳ አይደለም። መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት ምንም አይጠቅምም፤ በደረት ላይ ያለው ማሰሪያም ካልተቆለፈ ውሃ ውስጥ ሲገቡ በአንገት ሾልኮ ይወጣል። ለልጅ የአዋቂ ጃኬት አይሆነውም። በጉዞ ላይ መነሳት፣ ቦታ መለዋወጥ አያስፈልግም። በተለይ አንዱ «ያውና ጉማሬ!» ሲል ሁሉም ወደዚያ ጎን መንጋጋት ሳህኑ ላይ ጠጠሩን ወደ አንድ ወገን እንደ መሰብሰብ ነው። ጉማሬው ዘዴ አለው፣ ሩቅ ሆኖ ይታያል፤ ነጂውም እንዳይጠጋ መንገር ይገባል። ጀልባው ቢገለበጥ ደግሞ የተገለበጠው ጀልባ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚንሳፈፍ እሱን ይዞ መቆየት ይሻላል። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፣ ቅርብ ግን አይደለም።

ስትመለሱ ደግሞ እንደገና ቁጠሩ። ጠዋት ባዶ እጁን የተሻገረ ሰው ማታ ዓሣ ገዝቶ፣ ጠበል በጀሪካን ሞልቶ ይመለሳል። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ሦስት ጀሪካን አንድ ሰው ይሆናል። የደሴቱም ሰው «እግረ መንገዳችሁን አድርሱኝ» ሊል ይችላል፤ ታማሚም ይኖራል። ያን ጊዜ የሚወርደው ጀሪካን ነው።