«ትሬንዲ» ለማንና ለምን ይባላል?

ብዙ ተማሪ «ትሬንዲ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል «ቆንጆ» ወይም «ዘመናዊ» ብሎ ይይዘውና ለሙገሳ ያውለዋል። ቃሉ ግን በዋናነት የሚናገረው ስለ ጊዜ ነው። «ትሬንድ» የሚለው ሥሩ በጥንቱ እንግሊዝኛ መዞርን፣ መሽከርከርን ያመለክት ነበር፤ ኋላ ወንዝ ወይም የባሕር ዳርቻ ወዴት እንደሚያቀና ተገለጸበት። ቅጽሉ የተለመደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ፣ የፋሽን ዲዛይነሯ የሜሪ ኳንት አጫጭር ቀሚሶች የለንደንን ወጣቶች ባማለሉበት ዘመን ነው። አንድን ነገር «ትሬንዲ» ያለ ሰው፣ ብዙዎች አሁን ወደዚያ ማዘንበላቸውን ይናገራል፤ ነገ ሊተዉት እንደሚችሉም ሳይል አይቀርም።

ስለዚህ ቃሉን ከማውጣትዎ በፊት መጀመሪያ የሚገልጹትን ነገር ዕድሜ ይመዝኑ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ፋሽኑ ያልፍበታል? ያልፍበታል ካሉ «ትሬንዲ» ቦታው ነው፤ በየበዓሉ ቅዱ የሚለዋወጥ የሐበሻ ቀሚስ እዚህ ይገባል። በልክ የተሰፋ ጥቁር ሱፍ ግን ዘንድሮም ከርሞም ያምራል፤ ለእሱና ለዘናጭ ሰው «ስታይሊሽ» ይሻላል። አዲስ የሆስፒታል መሣሪያ ደግሞ «ሞደርን» ነው፤ «ትሬንዲ» ቢሉት ሐኪሙ ይስቃል። ቀጥሎ «ትሬንዲንግ» ከሚለው ይለዩት። ይህኛው በማኅበራዊ ሚዲያ ብዙ ሰው የሚነጋገርበትን ጉዳይ ይገልጻል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ «ትሬንዲንግ» ሊሆን ይችላል፣ «ትሬንዲ» ግን በፍጹም አይሆንም።

ሦስተኛው፣ ብዙዎች የሚሳሳቱበት፣ የሚገለጸው ማን ነው የሚለው ነው። የለንደኑን ሾርዲች ወይም የኒው ዮርኩን ዊሊያምስበርግ «ትሬንዲ» ሰፈር ማለት የተለመደ ነው፤ ካፌ፣ ጫማ፣ የፀጉር ቁርጥም እንዲሁ። ወደ ሰውና ወደ ሐሳብ ሲዞር ግን ይናከሳል። በብሪታንያ «ትሬንዲ» ቄስ ወይም «ትሬንዲ» የማስተማሪያ ዘዴ ሲባል፣ ነገሩ ጥልቀት የሌለው፣ ወረተኛ ነው የሚል ሽሙጥ አለበት። «ትሬንዲዎች» ተብሎ እንደ ስም ሲነገርማ ስድብ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሱቆችና የፋሽን መጽሔቶች ለምስጋና ይጠቀሙበት የለም ወይ? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ይጠቀሙበታል፤ የነጋዴ ጥቅም ግን ደንበኛው የአሁኑን እንዲገዛ፣ ያረጀበትንም እንዲተው ነው። የእነሱ ምስጋና የቃሉን አላፊነት ያጠናክራል እንጂ አያስተባብልም። ወጣቶች እርስ በርስ በቅንነት «ትሬንዲ» መባባላቸውም አይካድም፤ እዚያ የንግግሩ ድምፅና ቅርበታቸው ሽሙጡን ያስቀረዋል። በጽሑፍ ግን ድምፅ የለም።

ሰዋስዉ ቀላል ነው፦ ከስም በፊት «ኤ ትሬንዲ ካፌ»፣ ከግሥ በኋላ «ዘ ካፌ ኢዝ ትሬንዲ» ይባላል፤ ለማወዳደር «ትሬንዲየር»፣ ለማላቅ «ትሬንዲየስት»። የሚያመሰግኑት አለቃዎን ወይም የጋበዘዎትን ሰው ከሆነ «ትሬንዲ»ን ይተዉትና «ስታይሊሽ» ይበሉ።