የመለዋወጫ የጋራ ግዢ ከዕቁብ በምን ይለያል?

አሜሪካ ውስጥ ታክሲ ነድቶ ለሚተዳደር ሰው የፍሬን ሸራ፣ ጎማና አሞርዛቶሪ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ መንገር አያስፈልግም። አሥር ሆኖ ከጅምላ ሻጭ መግዛት የሚለው ሐሳብም አዲስ አይደለም። ብዙዎች «እንደ ዕቁብ እናደርገዋለን» ብለው ይጀምሩታል። የጋራ ግዢ ግን ዕቁብ አይደለም። በዕቁብ ሁሉም የሚቀበለው ብር ስለሆነ ዕጣው ለማንም ቢወጣ ይጠቅመዋል፤ ለካምሪ የተሠራ የፍሬን ሸራ ግን ለፕሪየስ አይሆንም። ዕቁቡን ያሳለፈ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሊያሟላ ይችላል፤ ጅምላ ሻጭ ግን ለአዲስ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ሒሳቡን ሳይቀበል ዕቃ አይለቅም።

ሒሳቡን አስቀድመው ይሥሩ። ለምሳሌ አንድ ሙሉ የፊት ፍሬን ሸራ በችርቻሮ 60 ዶላር፣ ሃያ ሲገዛ ግን 45 ዶላር ነው እንበል፤ ታክሱን ለጊዜው እንተወው። አሥር ሰዎች ሁለት ሁለት ቢያዙ ዕቃው 900፣ ማጓጓዣው 80፣ በድምሩ 980 ዶላር ይሆናል። በችርቻሮ 1,200 ይከፍሉ ስለነበር የሚተርፈው 220፣ ለእያንዳንዱ 22 ዶላር ነው። ዕቃው ከታዘዘ በኋላ ሁለት ሰዎች «ቀርቶብኛል» ቢሉ 196 ዶላር ይጎድላል። የአሥሩ ሰው ጥቅም ከሞላ ጎደል በሁለት ሰው ቃል ማጠፍ ይበላል ማለት ነው። ጉድለቱ የሚወድቀውም በአስተባባሪው ላይ ነው፤ ወዳጅነት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡ ከትእዛዙ ይቅደም። ያልከፈለ ሰው ስሙ በትእዛዙ ላይ አይግባ። ገንዘብ ያዡና ዕቃ አዛዡ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ማን ስንት እንደከፈለ፣ ምን እንዳዘዘ፣ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ገንዘቡ ይመለስለት እንደሆነ፣ የተበላሸ ዕቃ ቢመጣ ማን እንደሚመልሰው በአንድ ወረቀት ጽፈው ሁሉም ይፈርሙበት። መፈራረም አለመተማመን አይደለም።

ዕቃውን በስም ሳይሆን በቁጥር ይዘዙ። እያንዳንዱ ባለታክሲ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥሩን ይስጥ፤ ሻጩም ትክክለኛውን የዕቃ ቁጥር በጽሑፍ ያረጋግጥ። ጎማ ሲረከቡ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ባለው ተከታታይ ምልክት መጨረሻ የሚገኙትን አራት ቁጥሮች ይመልከቱ። 2324 ቢል ጎማው የተሠራው በ2024 በ23ኛው ሳምንት ነው። በርካሽ የቀረበ ጎማ መጋዘን ውስጥ የከረመ ሊሆን ይችላል።

«ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ዕቃ ከገጠምኩ የመኪናዬ ዋስትና ይሰረዛል» የሚል ሥጋት ካለብዎት፣ በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ ሕግ ይህን ይከለክላል። መኪና አምራቹ ዋስትናውን ሊነፍግዎት የሚችለው ጉዳቱ በተገጠመው ዕቃ ምክንያት የደረሰ ሲሆን ነው። ነገር ግን የሞተሩን ጉልበት ይጨምራሉ ተብለው ከሚሸጡ ዕቃዎች ይጠንቀቁ። የጭስ ማጣሪያውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ማውጣት ወይም ሥራውን የሚያሰናክል ዕቃ መግጠም በፌዴራል የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። ለታክሲ የሚጠቅመው ጥሩ ፍሬንና ጥሩ ጎማ እንጂ የሚጮኽ ማርሚታ አይደለም።

በመጨረሻም ታክሱን አይርሱ። ከመካከላችሁ ባለሱቅ ቢኖር፣ መልሶ ለመሸጥ ያለ ታክስ የሚገዛበትን ሰርተፊኬት ለራሳችሁ መኪና ዕቃ መግዣ እንዳታደርጉት፤ ተጠያቂነት ያስከትላል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድርሻ የሚያሳይ ደረሰኝ ይያዝ። የመኪና ወጪዎን ለአይአርኤስ በማይል ተመን የሚያስሉ ከሆነ ግን መለዋወጫው በተመኑ ውስጥ ስለተካተተ ለብቻው ተቀናሽ አይሆንም።

የመጀመሪያው ግዢ አንድ ዓይነት መኪና በሚነዱ አምስት ስድስት ሰዎች፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ይሁን። እርሱ ያለ ንትርክ ካለቀ ሁለተኛው ይቀላል።