«ይቀፈኛል» ማለትና «ሐራም ነው» ማለት

በአሰላ ዙሪያ ድንችና ገብስ የሚያመርት ገበሬ ፍልፈልን የሚያውቀው በጠላትነት ነው። ከመሬት ሥር ሆኖ ሰብሉን ሲቆረጥም ያድርና ማሳውን ጉብታ በጉብታ ያደርገዋል። ገበሬው አጥምዶ ይገድለዋል እንጂ ሥጋው ይበላል ብሎ የሚያስብ ሰው እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። «አይጥ የሚበላ ሰው አለ» ሲባል የብዙዎቻችን መልስ ምራቅ መትፋት ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ረጋ ብለን ብንመረምረው ስለ ዲናችን የሚያስተምረን ቁም ነገር አለው።

የጥንቱ ማዕድ

ከአርሲ ጋር በሚዋሰነው በባሌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሀበራ የተባለ የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች እዚያ ቆፍረው ያገኙትን በ2011 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2019) ሳይንስ በተባለው መጽሔት አውጥተዋል። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት በቦታው ሰዎች ይኖሩ ነበር። ዋነኛ ምግባቸውም የባሌው ግዙፍ ፍልፈል እንደነበረ በእሳት የተለበለቡት አጥንቶቹ ይመሰክራሉ። ይህ እንስሳ እስከ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዛሬም የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ቀለብ ነው። በዚያ ዘመን የተራሮቹ አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። በዚያ ብርድ ውስጥ በቅርብ የሚገኝና በብዛት የሚያዝ ሥጋ የሕይወት ጉዳይ እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ዛሬም ቢሆን በቬትናም የሩዝ ማሳ አይጥ በገበያ ይሸጣል። በጋና «ግራስከተር» የሚሉት ትልቅ የጫካ አይጥ ተወዳጅ ሥጋ ነው። በፔሩም አይጥ መሰል የቤት እንስሳ አርብተው ለድግስ ያቀርባሉ። እኛ በዚህ ስንገረም ሌላውም በእኛ ይገረማል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ኢትዮጵያውያን ጥሬ ሥጋ እንደሚበሉ በ1790 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ሲተርክ ከአገሩ ሰዎች ብዙዎቹ ውሸታም ብለውታል።

ሦስቱን እንለይ

እንግዲህ እኛ ሙስሊሞች ልንለያያቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የሸሪዓ ሕግ ነው። የቤት አይጥ በሐረም ክልል ውስጥ እንኳ እንዲገደሉ ከተፈቀዱት አምስት እንስሳት አንዱ በመሆኑ አብዛኞቹ ዑለማዎች አይበላም ብለዋል። በበረሃ የሚኖረውንና በኋላ እግሮቹ የሚዘለውን የርቡዕ ግን ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ሲፈቅዱት ሐነፊዮች ከልክለውታል። ስለዚህ ብይኑ የሚጠየቀው ከዓሊም ነው፤ ከሆዳችን አይደለም።

ሁለተኛው የነፍስ ዝንባሌ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዶብ የተባለ አርጃኖ መሰል የበረሃ እንስሳ ተጠብሶ ቀረበላቸው። ምንነቱ ሲነገራቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ ሐራም እንደሆነ ቢጠይቃቸው ሐራም እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በሕዝባቸው ምድር የማይገኝ በመሆኑ ነፍሳቸው እንዳልወደደችው ነገሩት። ኻሊድም እርሳቸው እያዩት በላ። እርሳቸው አልበሉም፤ የበላውንም አልነቀፉም። ጥንቸልንም እንመልከት። ሐላል ስለመሆኗ አራቱም መዝሀቦች ይስማማሉ፤ ከእኛ መካከል ግን የማይቀምሳት ብዙ ነው። አለመብላት መብቱ ነው፤ «ሐራም ነው» ማለት ግን መብቱ አይደለም። በሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 116 ላይ ከራስ አውጥቶ ሐላልና ሐራም ማለት በጥብቅ ተወግዟል።

ሦስተኛው ችግር ነው። ሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 173 ወሰን ሳያልፍ ተገዶ ለበላ ኃጢአት እንደሌለበት ይገልጻል። ረሀብን በምታውቅ አገር ይህ አንቀጽ ሊዘነጋ አይገባውም።

የጣና ዳር ወንድሞቻችን

ልዩነቱን አለማወቅ ጉዳት አለው። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በታንኳ ሥራ የታወቁ ሙስሊሞች ናቸው። ቀደም ባለው ዘመን ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተጸየፋቸው፤ በማዕድም በጋብቻም ራቃቸው። ጉማሬ ማደኑ ቀርቷል፤ መገለሉ ግን ከአደኑ በኋላም ዘልቋል። ጉማሬ ይበላል አይበላም የሚለው የፊቅህ ጥያቄ ነው። የአንድን ሙስሊም ልጅ በአያቱ ምግብ ምክንያት ለጋብቻ አለመፈለግ ግን በየትኛው ፊቅህ ይገኛል?

የግመል ሥጋ በመብላታችን ሌላው ሲጸየፈን ቅር የምንሰኘው እኛው ነን። ያን ቅሬታ የሚያውቅ ሰው በሌላው ላይ አይደግመውም። በአንድ ከተማ የየራሱ ሥጋ ቤት እያለን በሰላም ስንኖር እንደኖርነው፣ የማንበላው ሲቀርብልን «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም፣ አመሰግናለሁ» ማለት ይበቃል። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 11 ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳይሳለቅ ያዘዘው ለማዕድም ጭምር ነው። ሐላላችንን አጥብቀን እንያዝ፤ ምላሳችንንም ከሰው ገበታ ላይ እናንሳ።

ወላሁ አዕለም።