ዘጋቢ ፊልም ለምትሠራ ተማሪ፦ ስለ ዕቃና ስለ እጅ ሰባት ምክሮች

ልጄ፣ ለመመረቂያሽ በዕለት ተዕለት ዕቃዎች የመስተጋብር ዲዛይን ላይ ዘጋቢ ፊልም ልትሠሪ መነሣትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። በር ሲያስቸግረው፣ ማሽን ሲያሳስተው ራሱን የሚወቅስ ሰው ብዙ ነው፤ "የማላውቅበት እኔ ነኝ" ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የዕቃው አሠራር ነው። ፊልምሽ ይህን እንዲያሳይ የምነግርሽን ያዢልኝ።

1. አንድ ዕቃ ይብቃሽ። የጋሪ ሃስትዊትን "ኦብጀክቲፋይድ" እዪው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ዲዛይነሮቹን እነ ዲተር ራምስንና ጆናታን አይቭን ያነጋገረ ጥሩ ፊልም ነው። እሱ በረጅም ፊልም ብዙ ዕቃ ማዳረስ ችሏል፤ አንቺ በአጭሩ ብትሞክሪው ሁሉን ነካክተሽ አንዱንም ሳታሳዪ ትቀሪያለሽ። እሱ ሠሪዎቹን አናግሯል፤ አንቺ ተጠቃሚዎቹን ያዢ።

2. ከአንደበት በፊት እጅን ቅረጪ። ሰው ሲጠየቅ "ቀላል ነው" ይላል፤ እጁ ግን ያመነታል። የዲዛይን ተመራማሪው ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስተማረን፣ እጀታ ያየ ሰው ይስባል፣ ጠፍጣፋ ብረት ያየ ይገፋል። የሚገፋ በር እጀታ ከተገጠመለት፣ "ግፋ" የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍበትም እጅ መሳቡን አይተውም። ከአንድ ሕንፃ በር ፊት ካሜራሽን በትራይፖድ ትከዪና ታግሠሽ ጠብቂ። አስቀድመሽ አስፈቅጂ፤ ፊት ላይ ሳይሆን እጅ ላይ አተኩሪ።

3. የተሳሳተን ሰው መሣቂያ አታድርጊ። ኤቲኤም ብሩን አስቀድሞ ሲሰጥ ሰው ካርዱን ትቶ ይሄዳል፤ የመጣበትን ካገኘ ሐሳቡ ወደ ቀጣዩ ጉዳይ ያልፋልና። ስለዚህ ነው ብዙ ማሽኖች ካርዱን መልሰው ብሩን የሚሰጡት። ሰውን "ተጠንቀቅ" ከማለት ቅደም ተከተሉን መቀየር በለጠ። አንቺም ስሕተት ባየሽ ቁጥር ዕቃውን መርምሪ።

4. ታሪኩን ቆፍሪ። ስልክሽ ላይ መደወያውንና ካልኩሌተሩን አስተያዪ፤ በአንዱ 1 ከላይ ነው፣ በሌላው 7፣ 8፣ 9። ባለቁልፍ ስልክ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት የስልክ ምርምር ተቋሙ የቤል ላብስ ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ አደራደሮችን በሰው ፈትነዋል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ስታሳዪ ተመልካች የራሱን ስልክ ማውጣቱ አይቀርም።

5. በጣም የሚቸገረውን አስቀድሚ። ነጋዴው ሳም ፋርበር ሚስቱን አርትራይተስ ይዟት ልጣጭ መላጫ ሲያስቸግራት አይቶ ነው፣ ወፍራም የጎማ እጀታ ያላቸውን የኦክሶ የወጥ ቤት ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ያቀረበው። እጁ ያልታመመውም ወደዳቸው። አንቺም ማንበብ የማይችሉ እናት በስልክ ገንዘብ ሲልኩ ምኑን ምልክት አድርገው እንደሚይዙ ጠይቂ፤ ከእሳቸው የምትማሪውን ከባለሙያ አታገኚውም።

6. ድምፁን አትሸፍኚ። የማብሪያ ማጥፊያው "ቀጭ" ማለት፣ የማሽኑ "ጢጥ" ማለት ዕቃው ለእጅ የሚሰጠው መልስ ነው። ሙዚቃ ከጫንሽበት የመስተጋብሩ ግማሽ ይጠፋል።

7. ለመምህራንሽ ብቻ አታሳዪ። ለሕንፃው አስተዳዳሪ፣ ለብረት በር ሠሪው፣ ዕቃውን ለሚገዛው ክፍል ኃላፊ ውሰጂላቸው። እነሱ ናቸው መቀየር የሚችሉት። አንዲት እጀታ እንኳ ካስቀየርሽ፣ በዚያ በር የሚገባ የሚወጣ ሁሉ ይጠቀማል፤ ከማንኛውም ውጤት የሚበልጠው ይህ ነው።