የማይጣበቀው ሙጫ

ምጣድ ለምን ጎመን ዘር ይቀባል? ይህን ጥያቄ በራቤልም ሆነ በሌላው የግሼና የመንዝ ቀበሌ ለአንዲት እናት ብናቀርብላት ትስቅብናለች። እንጀራው እንዳይዝ ነዋ! አዲስ ምጣድ ከገበያ ተገዝቶ ሲመጣ በጎመን ዘር እየታሸ ይሟሻል። ከዚያም በኋላ ሲጋገር በየመካከሉ በማሰሻ ይታሰሳል። ሳይሟሽ የተጣደ ምጣድ እንጀራውን ይይዛል፤ ሊጡም ድካሙም ከንቱ ይቀራል።

የሸክላ ምጣድ ፊቱ ለስላሳ ይምሰል እንጂ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉበት። ከጎመን ዘሩ የሚወጣው ቅባት በእሳቱ ሙቀት እየጠነከረ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ሊጡም የሚይዘው ሥፍራ ያጣል። እናቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ኬሚስትሪ አልተማሩም፤ የሠሩት ሥራ ግን ኬሚስትሪ ነው።

ዛሬ የምንማረው ጎመን ዘር ሳይቀባው ምንም ነገር ስለማይጣበቅበት ነገር ነው። ስሙ ቴፍሎን ይባላል። በገበያ ላይ ውስጡ ጥቁርና ልስልስ የሆነ መጥበሻ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ያ ጥቁር ልባጥ አብዛኛውን ጊዜ ቴፍሎን ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ቧንቧና ቧንቧ ሲያገናኝ ጥርሱ ላይ የሚጠመጥመው ነጭና ስስ ጥቅልም ያው ቴፍሎን ነው። ጥቅሙ ብዙ ነው። ነገር ግን እሳት ላይ ያለ አግባብ ከተጣደ ቆጥ ላይ ያሉትን ዶሮዎች ሊፈጅ፣ ምድጃው አጠገብ ያለውንም ሰው ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ ምንነቱን ከሥሩ እንመልከት።

በዚህ ትምህርት ውስጥ የምንጽፋቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ለማወቅ 7 ወይም 8 መቀነስ ነው። ቴፍሎን የተገኘው በ1938፣ በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ ግዛት ነው። በእኛ 1930 መሆኑ ነው፤ አርበኞቻችን በሰሜን ሸዋ ገደላ ገደል ከፋሽስት ጣሊያን ጋር ይዋደቁ የነበረበት ጊዜ። ሮይ ፕላንኬት የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ ዱፖንት በሚባል ኩባንያ ተቀጥሮ ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን ከረዳቱ ጋር ጋዝ የተሞላበትን የብረት በርሜል ቢከፍቱት ምንም አልወጣ አለ። ባዶ ነው እንዳይባል ሲመዘን ክብደቱ አልቀነሰም። ሌላ ሰው ቢሆን አውጥቶ ይጥለው ነበር። እነርሱ ግን በመጋዝ ቆረጡት። ከውስጡ ነጭ ዱቄት ተገኘ። ጋዙ በራሱ ጊዜ እርስ በርሱ ተያይዞ ዱቄት ሆኖ ኖሯል! ዱቄቱን ኃይለኛ አሲድ ቢያፈሱበት አልተበላም። ውሃም አላረጠበውም። እሳቱንም ከሌላው ፕላስቲክ ይልቅ ቻለ።

ፋብሪካዎች ይህንንና ዘመዶቹን በአንድነት ፍሎሮፖሊመር ሬዚን ይሏቸዋል። ሬዚን ማለት ሙጫ ነው። የማይጣበቅ ሙጫ ሲባል ያስቃል፤ ምን እናድርግ፣ ስሙን ያወጡት እነርሱ ናቸው።

የማይጣበቅበትስ ምክንያት ምንድን ነው? ቴፍሎን የተሠራው ከሁለት ነገሮች ነው፤ ከካርቦንና ከፍሎሪን። ካርቦንን እናውቀዋለን፤ ከሰል ማለት አብዛኛው ካርቦን ነው። ፍሎሪንም ቢሆን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ ለሥራ ወርዳችሁ ከሆነ እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ አይታችኋል። ጥርሱን ያበላሸው በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ፍሎራይድ ነው፤ ያም ከፍሎሪን የሚገኝ ነው። በቴፍሎን ውስጥ ግን ፍሎሪን በውሃ አይሟሟም። የካርቦን ቅንጣቶች ተቀጣጥለው እንደ ረጅም ገመድ ይሆናሉ። ፍሎሪን ደግሞ ገብስ በገለባው እንደሚሸፈን ገመዱን ዙሪያውን ይሸፍነዋል። የሁለቱ አያያዝ እጅግ ጥብቅ ነው። ፍሎሪኑ ካርቦኑን ከያዘ በኋላ ሌላ ነገር አይሻም። ውሃ ቢመጣ፣ ዘይት ቢመጣ፣ ሊጥ ቢመጣ ፊት ይነሣዋል።

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ምንም ነገር ካልተጣበቀበት እርሱ ራሱ በመጥበሻው ላይ እንዴት ተጣበቀ? መልሱን ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ምርጊት በለስላሳ ድንጋይ ላይ አይዝም፤ ሻካራ ድንጋይ ግን ጥርስ ስላለው ጭቃውን ይይዘዋል። ፋብሪካውም አሉሚኒየሙን መጀመሪያ ያሻክረዋል፤ ከዚያ ቴፍሎኑን በላዩ ቀብቶ በሙቀት ይጋግረዋል። በ1954 ማርክ ግሬጎዋር የሚባል ፈረንሳዊ መጥበሻን በዚህ ዓይነት ለበጠ። ሐሳቡን ያመጣችው ሚስቱ ናት ይባላል። እኛ አንጠራጠርም፤ ምግብ ሲይዝ የሚቸገረው ማን ሆነና!

መጥበሻ ግን ለቴፍሎን ትንሹ ሥራው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ ስትሠራ ብረት የሚበላውን የዩራኒየም ጋዝ ችሎ ያስተላለፈው ይኸው ነገር ነበር። ዛሬም የአሲድ ቧንቧዎችና በርሜሎች ውስጣቸው በእርሱ ይለበጣል። የአውሮፕላን የኤሌክትሪክ ሽቦ በእርሱ ይሸፈናል። ሐኪሞች የተበላሸ የደም ሥር ሲለውጡ ከእርሱ የተሠራ ቱቦ ያስገባሉ፤ ሰውነት በእርሱ ላይ እምብዛም አይቆጣምና። ከይፋት ተነሥተው ለሐጅ የሄዱ ጎረቤቶቻችን ጅዳ ሲደርሱ ከሥሩ የሚያርፉበት የአውሮፕላን ጣቢያው ታላቅ ነጭ ድንኳንም በ1981 የተሠራው ቴፍሎን ከተቀባ ጨርቅ ነው። ያ ሁሉ ፀሐይ ወርዶበት እንኳ አይበሰብስም።

ልብሱንም ሳንጠቅስ አናልፍም። መንዝ በበግ ጠጉር የታወቀ አገር ነው። ባና የለበሰ እረኛ ካፊያ ቢመታው ጠጉሩ የራሱ ቅባት ስላለው ቶሎ አይርስም። ዶፍ ሲሆን ግን ያስገባል። ላስቲክ የደረበ ሰው ደግሞ ዝናቡ ባያገኘውም በገዛ ላቡ ይርሳል። በ1969 ቦብ ጎር የሚባል አሜሪካዊ የጋለ ቴፍሎንን በድንገት በኃይል ቢለጥጠው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ ነገር ሆነለት። ቀዳዳው ለውሃ ጠብታ ይጠባል፤ ለላብ እንፋሎት ግን ይበቃል። ስለዚህ ይህ በመካከሉ የተሰፋበት ካፖርት ዝናብን ይከለክላል፣ ላብንም ያስወጣል። ዋጋው ግን ለገበሬ ኪስ የሚቀመስ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሙቀት የሚለካው በዲግሪ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በደጋ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከ200 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ቴፍሎን እስከ 260 ዲግሪ ድረስ ይሠራል። በ327 ይቀልጣል። ከ350 በላይ ሲሆን ገመዶቹ እየተበጣጠሱ መርዛም ጢስ ይወጣዋል። የኩበትና የባሕር ዛፍ ፍም ደግሞ ከ600 ዲግሪ በላይ ነው። እንግዲህ አስቡት። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በቴፍሎን በተለበጠ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለ ጎመን ዘር እንጀራ ይጋግራሉ፤ ምጣዳቸው ሲግል ራሱን እየቆጠበ ሙቀቱን ይወስናል። የእኛ ጉልቻ ግን እንዲህ ያለ ቁጥጥር የለውም። መጥበሻው ውስጥ ወጥ ካለ ውሃው ሙቀቱን ስለሚወስድለት ብዙም አያሰጋም። ባዶውን ከነደደ እሳት ላይ ተጥዶ ከተረሳ ግን በጥቂት ደቂቃ ከልኩ ያልፋል።

ጢሱ መጀመሪያ የሚገድለው ወፍ ነው። የወፍ ሳንባ አሠራሩ ከእኛ የተለየ ስለሆነ አየርን አጥብቆ ይወስዳል፤ መርዙንም እንዲሁ። በውጭ አገር በቤት የሚያረቧቸው ወፎች መጥበሻ ተረስቶ ሲቃጠል ሞተው ይገኛሉ። ቴፍሎን የተቀባ ማሞቂያ አምፖልም ጫጩቶችን የፈጀበት ጊዜ አለ። በደጋ ደግሞ ዶሮ ከብርድ እንዲድን ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ ቆጡም ከምድጃው አይርቅም። ሰውን ጢሱ ሲያገኘው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያንቀጠቅጠዋል፤ ደረቱን ይይዘዋል፤ ያተኩሰዋል። ቆላ ወርዶ ወባ የያዘው ይመስላል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ጢሱ ብዙ ከሆነና መተንፈስ ካስቸገረ ግን ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መጥበሻ ቤት ከገባ ባዶውን አይጣድ። ነበልባል ሳይሆን ረጋ ያለ ፍም ይበቃዋል፤ ያም ቢሆን ከፍሙ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ዘይቱ መጨስ ሲጀምር ምልክት ነውና ወዲያው ይውረድ። በአመድ ወይም በአሸዋ አይፈተግ። በቢላዋም አይፋቅ፤ የእንጨት ማማሰያ ይስማማዋል። ሰፌድማ ለእርሱ የተፈጠረ ይመስላል። ልባጡ ተፈርፍሮ ከምግብ ጋር ቢዋጥ ሆድ ስለማይፈጨው እንደገባ ይወጣል፤ ስለዚህ አያስደንግጣችሁ። የሚያስፈራው ጢሱ ነው።

የቦኖ ውሃ የምትጠብቁም ይህን ልብ በሉ። ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ነጩን ጥቅል መጠምጠም ጥሩ ነው፤ አጠማጠሙ ቧንቧው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይሁን፤ አለዚያ ሲጠብቅ ይፈታል። ቁርጥራጩን ግን እሳት ውስጥ አትጣሉ። ትንባሆ የምታጨሱም እጃችሁን ሳትታጠቡ ሲጋራ አትንኩ። በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ያ ትኩሳት የታየው አብዛኛውን ጊዜ የቴፍሎን ብናኝ በሲጋራቸው ላይ አርፎ አብሮ ሲቃጠል ነው።

ሌላም ጉዳት አለ፤ እርሱ ደግሞ በፋብሪካው ደጃፍ የደረሰ ነው። ከብት አርቢ ለሆነ ሰው ታሪኩ ይገባዋል። በአሜሪካ በምዕራብ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በፓርከርስበርግ ከተማ አጠገብ ዊልበር ቴናንት የሚባል ከብት አርቢ ነበር። የዱፖንት ፋብሪካ ቆሻሻውን በጎረቤት መሬት ይጥል ነበር። ከዚያ የሚወርደውን ጅረት የጠጡ ላሞች ይከሱ፣ ያብዱ፣ ይሞቱ ጀመር። ከመቶ በላይ ከብት አለቀብኝ አለ። የሚሰማው ቢያጣ የሞቱትን ከብቶች በቪዲዮ ካሜራ አነሣ። በ1998 ሮብ ቢሎት የሚባል ጠበቃ አገኘና በ1999 ፋብሪካውን ከሰሰ። ከዚያ በኋላ በተገኙት ሰነዶች ቴፍሎን ሲሠራ እንደ ሳሙና ሆኖ የሚያገለግል ፒ ኤፍ ኦ ኤ የተባለ ኬሚካል ወደ ሰዎች የመጠጥ ውሃ ጭምር እንደገባ ታወቀ። በ2012 ሊቃውንት ኬሚካሉ ከኩላሊት ካንሰርና ከሌሎች አምስት በሽታዎች ጋር ሳይያያዝ እንደማይቀር አስታወቁ። በ2017 ከ3,500 በላይ የሚሆኑ ከሳሾች 671 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነላቸው፤ ቴናንት ግን በ2009 ሞቶ ነበር። በ2019 ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት ኬሚካሉ በዓለም ዙሪያ እንዲቀር ተወሰነ። በምትኩ የገቡት ዘመዶቹም ዛሬ ጥያቄ እየተነሣባቸው ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ በአፈርና በውሃ ውስጥ አይበሰብሱምና።

ልባጡ ተልጦ ያረጀ መጥበሻስ? አሉሚኒየም እያቀለጠ ድስት ለሚሠራ ሰው ከመሸጡ በፊት ልባጥ እንዳለው ይነገረው፤ ጢሱ የሚያገኘው እርሱን ነውና። ቤት ውስጥ ከቀረ ግን እሳት ሳይነካው እህል ይሰፈርበታል፤ ለዶሮዎቹም ውሃ ማጠጫ ይሆናል።