የደሙ ተጠያቂ ማን ነው?

በአዋሽ ሰባት ኪሎ የሚኖሩ አንድ የአፋር ሽማግሌና በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የወንድማቸው የልጅ ልጅ ያደረጉት ምልልስ

ወጣቱ፦ ሐጂ፣ ሰመራ ላይ ማታ ማታ የምንከራከረው ስለ ጋዛ ነው። አንዱ እስራኤልን ይኮንናል፣ ሌላው ሐማስን። እርስዎ ምን ይላሉ? መሬቱ የማን ነው?

ሐጂ፦ ከሰመራ ስትመጣ በየት በየት አለፍክ?

ወጣቱ፦ በሚሌ፣ በአዳይቱ፣ በኡንዱፎ፣ በገዳማይቱ።

ሐጂ፦ ከሚሌ ቀጥለህ የጠራሃቸው ሦስቱ አፋርና የሶማሌው ኢሳ ጎሳ የሚጋደሉባቸው ቀበሌዎች ናቸው። በሩቁ መሬት ላይ ከመፍረድህ በፊት አቋርጠኸው ስለመጣኸው እንነጋገር። የእኛው ጠብ በምን የተነሣ ይመስልሃል?

ወጣቱ፦ ኢሳዎች መሬታችንን ስለሚገፉ።

ሐጂ፦ እነሱም ልጆቻቸውን በየሰፈሩ እንደዚሁ ያስተምራሉ። መነሻው ግን ወንዙ ነው። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ዝናብ ሲጥል ከብቱ በሜዳው ይበተናል፤ በበጋ ግን ሁሉም ወደ ወንዙ ዳር ይሰበሰባል። የአርብቶ አደር ሕይወት ያለ በጋ ግጦሽ አይቆምም። በ1952 የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በተንዳሆ ጥጥ፣ በመተሐራ ሸንኮራ፣ በአሚባራ እርሻ እየተባለ ወንዙን የተጠጋው ሣር ለኩባንያና ለመንግሥት ሄደ። በ1965 ድርቁ ሲመጣ ከብቱ የሚሸሽበት አጣ። ቆይቶ ደግሞ በረሃውን ያለማል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ፣ እናንተ ወያኔ የምትሉት እሾህ፣ የቀረውን ግጦሽ ዋጠው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ጥፋቱ የእርሻው ነው እንጂ የኢሳ አይደለም ሊሉኝ ነው?

ሐጂ፦ እንደሱ አላልኩም። ኢሳም ከምሥራቅ ወደ ወንዙ ገፍቷል። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ሣሩ ሲጠብ ሁለት ተራቦች ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ሣሩን ያጠበበውን ግን የጠየቀው የለም። ጎረቤት ቅርብ ነው፤ ቂም ደግሞ ቅርብ ያለውን ይይዛል።

ወጣቱ፦ ሣር ከሆነ ለምን አይካፈሉትም? ቀበሌው ላይ ምን አጣላቸው?

ሐጂ፦ ቀድሞ እረኛ ግጦሽ ሲፈልግ ሽማግሌ ይልክ ነበር፤ ይፈቀድለታል፣ ይከለከላል፣ ይመለሳል። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ግን መሬቱ የአፋርና የሶማሌ ክልሎች ወሰን ሆነ። ሣር በወራት ይካፈላል፤ ባንዲራ ግን አንዴ ከተተከለ ነቃዩ እንደ ጠላት ይታያል። በዚያ ላይ የጅቡቲው አስፋልት በሦስቱም ቀበሌዎች መሐል ያልፋል። ከባድ መኪናው፣ ሻይ ቤቱ፣ ንግዱ፣ ኬላው ሁሉ ገንዘብ ነው። በታኅሣሥ 2007 ሁለቱ ክልሎች ቀበሌዎቹ በአፋር ክልል ውስጥ ልዩ ቀበሌ ሆነው እንዲቀጥሉ ተስማሙ። በ2011 የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ ወጣሁ አለ። በ2013 ጥቅምትና መጋቢት ላይ ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ፤ ሐምሌ ላይ የተቆጡ ወጣቶች የጅቡቲውን መንገድና ሐዲድ ዘጉ።

ወጣቱ፦ እና ትክክሉ ማን ነው?

ሐጂ፦ እኔ አፋር ነኝ፤ መልሴን ታውቀዋለህ። የኢሳውንም ሽማግሌ መልስ እኔ አውቀዋለሁ። ሁለታችንም ለራሳችን ምስክር ስለሆንን ዳኝነቱ ለሌላ መሰጠት አለበት። መሬቴ ነው ማለት ግን አክራሪነት አይደለም፤ ይህን ያዝልኝ።

ወጣቱ፦ አክራሪነት ታዲያ ምንድን ነው?

ሐጂ፦ የገዛ ወገንህ ገድሎ ሲመጣ ማንም የማይጠይቀው ከሆነ፣ አክራሪነት ገብቷል በል። በእኛ ባህላዊ ሕግ፣ በመድዓ፣ አንድ ሰው ቢገድል የደም ካሳውን የሚያዋጣው ጎሳው ነው። ስለዚህ በንዴት ጠመንጃ አንስቶ የሚወጣውን ልጅ መጀመሪያ የሚይዘው አጎቱ ነው፤ ለካሳ የሚነዳው ግመል የእርሱም ነውና። ኢሳም በቤቱ እንዲህ ያለ ሕግ አለው። ሄር ኢሴ የሚሉትን ዩኔስኮ በ2017 የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ሁለታችንም በየቤታችን ደም ዋጋ እንዳለው እናውቃለን። በመካከላችን ግን እንዲህ ያለ የጋራ ሕግ ሥር አልሰደደም። የክልል ልዩ ኃይል ሲመጣ ደግሞ ባሰ፤ ጥይቱን የተኮሰው ባለ መለዮ ከሆነ ካሳውን የትኛው ጎሳ ያዋጣ? አጎት የሌለው ጠመንጃ ማቆሚያ የለውም።

ወጣቱ፦ ይህ ለእስራኤልና ለፍልስጤምም ይሆናል?

ሐጂ፦ ሁለቱ ነገር አንድ ነው አልልህም። እኛና ኢሳ የአንድ አገር ዜጎች ነን፤ ፍልስጤማዊው እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በወረራ ሥር ነው፣ በ1948ም 700,000 ያህሉ ከቤታቸው ተሰደዋል። አይሁዱም ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን ወገኖቹን ከፈጁበት እልቂት የተረፈ ሕዝብ ነው። እዚያ ጠቡ የሃይማኖት ነው የሚሉህም አሉ፤ እኛና ኢሳ ግን በአንድ ቂብላ እየሰገድን ተጋድለናል። ተጠያቂ የማጣቱ ነገር ግን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የእስራኤሉ ራቢንና የፍልስጤሙ አራፋት ለሰላም ተጨባበጡ። በፌብሩዋሪ 1994 ባሮክ ጎልድስታይን የተባለ ሰፋሪ ኬብሮን ላይ በሶላት ላይ የነበሩ 29 ሰዎችን ገደለ፤ መቃብሩን የሚጎበኙ አድናቂዎች ተገኙ። በኤፕሪል የሐማስ ሰዎች አውቶቡስ ላይ ቦምብ አፈነዱ፤ የእነሱም ፎቶ በየግድግዳው ተለጠፈ። በየወገኑ «ነውር ነው» ያለ ሰው አልጠፋም፤ ጭብጨባው ግን ድምፁን ዋጠው።

ወጣቱ፦ ራቢንንም እ.ኤ.አ. በ1995 የገደለው አይሁዳዊ ነው። ወገኑን ሊገታ የሞከረ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ እኔ ለምን ልሞክር? እዚያ ማዶ እየተኮሱ የራስን ልጅ መገሠጽ ክህደት አይሆንም?

ሐጂ፦ ጥሩ ጠየቅህ። ቤቱ ሲነድ የሚከላከልን ሰው ማንም አይከለክለውም። እኔ የምለው ሌሊት ወጥቶ ያልበደለውን እረኛ ለሚገድለው ነው። ራቢን የሞተው ሐሳቡ ስለከፋ አይደለም፤ ገዳዩ፣ ለዚህ ግድያ ጎሳዬ ይጠየቃል ብሎ የሚፈራው አልነበረውም፤ እንዲያውም የሚያሞግሰኝ አለ ብሎ ሳያስብ አይቀርም። መግታት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ሰውዬው ይገደላል። የቀደሙት አባቶች ኃላፊነቱን ለጎሳ ሁሉ ያካፈሉት ለዚህ ነው።

ወጣቱ፦ እዚያስ ከኦክቶበር 7 ወዲህ ያለው?

ሐጂ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያ ቀን 1,200 ያህል ሰው ተገደለ፣ 250 ያህል ታገተ። ከዚያ በኋላ በጋዛ የሞተው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ ብዙው ሴትና ሕፃን ነው። ሰመራ ላይ ስትከራከሩ ሁለቱንም ሐዘን የሚቆጥር ስንት አለ?

ወጣቱ፦ ብዙ የለም። እኔም አንዱን ብቻ ነው የማጋራው።

ሐጂ፦ አፋር መንገደኛ ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል። ያየኸውን ካየኸው፣ የሰማኸውን ከሰማኸው ለይተህ ትናገራለህ፤ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ወሬው አይታመንም። ስልክህ ላይ የሚመጣው ግን ማን አይቶት፣ ማን ሰምቶት እንደሆነ አይነግርህም። የሌላ አገር ሬሳ ፎቶ የገዳማይቱ ነው ሲሉት የተቆጣው ልጅ ጠመንጃ ያነሣል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ምን ይደረግ?

ሐጂ፦ ወሰኑን ገለልተኛ አካል ይዳኘው፤ ጊዜ ይወስዳልና እንታገሥ። ፍርዱ እስኪመጣ ግን ሣሩና ውኃው በወራት ይከፈል፤ የበጋ መግቢያና መውጫ በሁለቱም ሽማግሌዎች ፊት ይወሰን። ገዳይ ከየትኛውም ወገን ቢሆን የገዛ ወገኑ ይያዘው፣ ለፍርድም ያቅርበው፤ ካሳውንም ጎሳው ያዋጣ። አፋሩ የኢሳን እረኛ የገደለ አፋርን አሳልፎ ከሰጠ፣ ኢሳውም እንዲሁ ካደረገ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚፈርሙት ውል የሚታመን ይሆናል። በባለሥልጣን ብቻ የተፈረመው የ2007ቱ ውል ባለሥልጣን ሲለወጥ ፈረሰ።

ወጣቱ፦ እኔስ?

ሐጂ፦ አንተ ሰመራ ስትመለስ የኢሳ ልጆች ጓደኞችህን ፈልግ፤ ዩኒቨርሲቲው የአፋር ብቻ አይደለም። የአንተ ወገን ያጠፋውን አንተ ጀምረህ ተናገር፤ እነሱም የእነሱን ይናገራሉ። የሌላውን ገዳይ መኮነን ቀላል ነው። የራስህን ገዳይ በስሙ ጠርተህ «አጥፍተሃል» እስክትለው ድረስ ግን፣ ስለ አዳይቱም ሆነ ስለ ጋዛ የምትሰጠው ፍርድ ሚዛን የለውም።